የቆርቆሮ ባል

አጣሪው ከምንም በላይ የሚጠላው ውሸታም ነው። በእርዳታ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ቢሮ፣ በር ቁጥር ሦስት፣ ከጦርነቱ ተመለስን የሚሉትን ሁሉ የሚያጣራው እሱ ነው። እሱ በሌለበት ሰዉ «ወንፊት» ይለዋል። ሰምቷል፤ ደስ ብሎታል።

ጦርነቱ ካበቃ ስምንት ወር ሆኗል። ያስነሱት ሰዎች ተቃቅፈው ፎቶ ተነሡ። የተዋጉት ደግሞ ከፊሎቹ በእግራቸው፣ ከፊሎቹ በክራንች ወደየቤታቸው መመለስ ጀመሩ። የቀሩት ቀሩ።

የድርጅቱ ደንብ ግልጽ ነው። ባሏ በጦርነቱ የሞተባት ሴት በየወሩ አርባ አምስት ኪሎ ዱቄትና ሁለት ሊትር ዘይት ትወስዳለች። ባሏ በሕይወት ከተመለሰ የእርዳታ ካርዷ ይቀደዳል። በምትኩ ቤተሰቡ «ከእርዳታ ወደ ልማት ተሸጋገረ» ይባልና ባልየው ሃያ ቆርቆሮ፣ አንድ መቆፈሪያና አንድ ከረጢት ዘር ፈርሞ ይቀበላል። አንዴ ብቻ። ዘሩ የሚዘራበት ማሳ ላይ የተቀበረው ፈንጂ ገና እንዳልተለቀመ ደንቡ አያወራም።

ማሳው ባይሆንም ቆርቆሮው ይሸጣል። ስለዚህ ቤት ንብረት የሌላቸው ወንዶች የሟች ታሪክ እያጠኑ፣ «እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም» እያሉ መምጣት ጀመሩ። ቆርቆሮውን ተቀብለው በዚያው ቀን ገበያ አውጥተው ይሰወራሉ፤ ሴትየዋ ካርዷ ተቀዶ፣ ልጆቿን ታቅፋ ትቀራለች። ድርጅቱ አጣሪ የቀጠረው ይሄን ጊዜ ነው። እሱ እነዚህን ሰዎች «የቆርቆሮ ባል» ይላቸዋል። እስካሁን ሰባት ይዟል። ሌባ ብዙ አይቷል፤ የሬሳ ስም የሚለብስ ሌባ ግን ያንገሸግሸዋል።

ስምንተኛው ማክሰኞ ጠዋት መጣ።

ከሲታ ነው። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ሸሚዙ ታጥቧል። አጣሪው ፊት ተቀመጠና የሟቹን ስም ከነአያቱ ጠራ።

«ሞተሃል እኮ» አለው አጣሪው ፋይሉን እየገለጠ። «ሁለት ዓመት አለፈህ። አብሮህ የዘመተው ሰው መስክሮ ፈርሟል።»

«ተሳስቶ ነው ጌታዬ። ቆስዬ ተማርኬ ነበር።»

«ሁላችሁም ቆስላችሁ ተማርካችኋል። ልጆች ስንት?»

«ሦስት።»

«የመጨረሻዋ?»

«ስሄድ ጡት አልጣለችም።»

«ቤትህ?»

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። በሩን ከፍ አድርገው ካልገፉት አይከፈትም።»

ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው። አጣሪው ግን እንዲህ አጥንቶ የመጣ ሲያጋጥመው የበለጠ ይጠራጠራል። ባል ቤቱን ይረሳል፤ ሌባ ግን የገባበትን በር አይረሳም።

«ሚስትህ ጠባሳ አላት?»

ሰውዬው አልቸኮለም። ሁለቱንም እጆቹን አገላብጦ አየ። «አላት። ግራ ክንዷ ላይ። የፈላ ዘይት ነው ያቃጠላት።»

አጣሪው የሟቹን ሚስት እንዲያመጣ ዘበኛውን ቢልከው፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። አንድ ሰው በባሌ ስም ሰፈር ለሰፈር ይዞራል ብላ ልትከስ በጠዋት መጥታለች።

ገባች። ሰውዬውን አየችው። ፊቷ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም።

«ታውቂዋለሽ?»

«ከየት አባቴ?»

«ባሏ ነኝ ነው የሚለው።»

«የኔ ባል ባለ ትከሻ ሰው ነበር። ይሄ የማንም ወሮበላ ነው።»

«ክንድሽን አሳዪኝ እህቴ።»

እጅጌዋን ሰበሰበች። ጠባሳው ቀኝ ክንዷ ላይ ነው። አጣሪው ወደ ወንበሩ ተደገፈ፤ ይቺን ቅጽበት ይወዳታል።

«ጨንቆኝ ነው፤ ቀኝ ለማለት ነው» አለ ሰውዬው። ወደ ሴትየዋ ዞረ። «እባክሽ፣ ስለ ልጆቹ ብለሽ ደህና አድርገሽ እዪኝ።»

«ልጆቼን በዚያ አፍህ እንዳታነሣ!»

ብድግ አለችና ፊቱ ላይ ተፋችበት። ምራቁ ከቅንድቡ ወደ ጉንጩ ወረደ። ሰውዬው አልጠረገውም።

አጣሪው ፊቱን አዞረ። ምራቁ አይደለም ያስጠላው፤ የአባት አልባ ልጆች ጉሮሮ ውስጥ እጁን ከትቶ ጉርሻ የሚነጥቅ ሰው ፊት ለፊቱ በሰላም መተንፈሱ ነው። ሰውም ብሎ ሰው! መስኮቱን ከፈተ።

ሴትየዋ አልተቀመጠችም።

«ጌታዬ፣ ወረቀት ይስጡኝ» አለች። «ጎረቤት ባሏ መጥቷል እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል። የሰፈሩ እርዳታ ኮሚቴም ካርድሽን መልሺ እያለ ነው። ልጆቼ ሌላ የሚቀምሱት የላቸውም። ይሄ ሰው ባሌ እንዳልሆነ በማኅተም ይጻፍልኝ።»

«ይገባሻል። ሲያንስሽ ነው።»

ለጸሐፊ አልሰጠውም፤ በገዛ እጁ ጻፈው። ቀርቦ የነበረው ሰው አጭበርባሪ ነው፤ እውነተኛው ባል ሞቷል፤ ታናሿ ልጅ ለሥራ እስክትደርስ ድረስ ይህን ካርድ ማንም እንዳይነካ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት። ሴትየዋ ወረቀቱን አጥፋ ጡቶቿ መሀል ከተተችና ጉልበቱን ልትስም ስትል ከለከላት።

«አንተ ደግሞ» አለው ሰውዬውን፣ «ዳግመኛ በዚህ ስም ስትጠራ ብሰማ ወህኒ ነው የምትበሰብሰው። ሰውዬው ሞቷል። ገባህ?»

«ገባኝ ጌታዬ። ሞቷል።»

ከሰባቱ አንዱም እንዲህ በቀላሉ አልወጣም። ሁሉም ምለው፣ ተገዝተው፣ መሬት ላይ ተንከባለው ነበር። ቢያንስ ይሄኛው ማፈር ያውቃል አለ አጣሪው በልቡ፤ ከዚያም እጁን በሳሙና ታጥቦ ለምሳ ወጣ።

ከገበያው በታች፣ ድልድዩ ሥር፣ ሴትየዋ የሰውዬውን ፊት በሻሿ ጫፍ ቀስ አድርጋ ጠረገችለት።

«ይቅር በለኝ የልጆቼ አባት» አለችው። «ምራቄ ዓይንህ ውስጥ ገባ እንዴ?»