ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ አርባ

«ሰባት ሺህ ስምንት መቶ» አለች እህትየዋ፣ ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ እየጻፈች።

ወንድሟ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «እንደገና ሞክሪው!»

«አራተኛዬ እኮ ነው። በሞከርኩት ቁጥር ይወርዳል።»

አባታቸው ችኩሉ የሚሉት ይህ ወንድሟ፣ የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ገፍቶ፣ «በፍጥነት መለኪያው ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ አርባ አመጣ!» ብሎ ቢሮውን በአንድ እግሩ ካቆመው ሁለት ወሩ ነው። ስምንት ኮር፣ ማለትም ስምንት የማስሊያ ክፍል ብቻ ያለው ማሽኑ የእሷን ባለ አሥራ ስድስት ኮር በለጠ ማለት ነው። የሕንፃ ንድፍ ቢሮው ባለቤት አባታቸው ቃሉን አምነው፣ የሆስፒታሉን ንድፍ በዚያ ማሽን ሊያሠሩ፣ የሌሎቹንም ሠራተኞች ኮምፒውተር እንደዚያ ሊያስደርጉ አስበዋል። «እንደገና ለክታችሁ ከምሳ በፊት ቁርጡን ንገሩኝ» ብለው ክፍላቸው ገብተዋል።

«ዋሽተሃል ልትዪኝ ነው?» አለ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«ኧረ ገርሞኝ ነው።»

እውነትም ገርሟታል። ዘጠኝ ሺህ፣ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ፣ ስምንት ሺህ አንድ መቶ፣ አሁን ደግሞ ይኸው። ውሸት እንዲህ ደረጃ በደረጃ አይወርድም።

«ያን ጊዜ መቼ ነበር የለካኸው?»

«ጠዋት። ኮምፒውተሩን እንደከፈትኩት።»

መዳፏን የወንድሟ ማሽን ጎን ላይ አሳረፈችና ላጥ አድርጋ አነሣች። «እሳት ሆኗል እኮ!» የራሷን ነካችው፤ ለብ ብሏል። የእሷ ውጤት ከጠዋት ጀምሮ ከዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ንቅንቅ አላለም።

«አልዋሸህም» አለችው። «ቁጥርህ ግን የመጀመሪያዋ ደቂቃ ቁጥር ነው። ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሆስፒታሉ ንድፍ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አፍጥጦ ያይ ጀመር።

«ፍጥነቱን ትንሽ ባወርደውስ?»

«አውርደው፤ እጽፋለሁ።»

አንድ እርከን አወረደ፤ ውጤቱ ስምንት ሺህ አንድ መቶ። ሌላ እርከን፤ ስምንት ሺህ አራት መቶ።

«ወይ ጉድ! ስቀንሰው ጨመረ!»

ተያይተው ሳቁ። በአራተኛው እርከን ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ላይ ቆመ፤ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፣ ያው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሲያጓራ የከረመው የማሽኑ ማራገቢያም ቀስ በቀስ ዝም አለ።

«አሁንም ያንቺ ይበልጣል» አለ ወንድሟ፣ ቅር ሳይለው። «ነይ፣ እኔው ልንገራቸው።»

የአባታቸውን በር እጀታ እንደያዘ ግን ደርቆ ቀረ። ከውስጥ እንጉርጉሮ ይሰማል።

እናታቸው ካረፉ ወዲህ አባታቸው ማንጎራጎር ትተው ነበር። የማራገቢያው ጩኸት ሸፍኖት ኖሮ፣ መቼ እንደገና እንደጀመሩ ሁለቱም አያውቁም።

ወንድሟ እጁን ከእጀታው ላይ ቀስ አድርጎ አነሣ። ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆሙ።