ያልተዘረጋው ባና

ወጣቷ የመንግሥት ሠራተኛ በተፈናቃይ ሴቶች ማኅበር ሱቅ ውስጥ የበግ ጠጉር ባናውን ከነእጥፋቱ አንስታ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «መልሱን ይያዙት እማማ። እናንተን ለመርዳት ብዬ ነው።»

ጠጉሩን የፈተሉት እማማ ፈትሂያ ባናውን ከእጇ ነጠቋት። «አይሸጥም።»

«ምነው፣ አነሰ?»

«ሳታዪው፣ ዋጋ ሳትከራከሪ ምን የሚሉት ገበያ ነው? ሰደቃ ልታወጪ ከሆነ የመጣሽው፣ መስጊዱ በር ሂጂ። እኛ እዚህ የተቀመጥነው ልንሸጥ ነው።»

የወጣቷ ፊት ቀላ። ባናውን መንጭቃ ዘረጋችው፤ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጋ አገላበጠችው። ከዚያ ጠርዙን በጣቶቿ አሸት አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ሳስቷል» አለች በንዴት። «በዚህ ዋጋማ አልወስደውም።»

እማማ ፈትሂያ ከጎናቸው የነበረውን ዱካ በእግራቸው ወደ እሷ ገፉት።

«ተቀመጪ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ። «ስንት ትያለሽ?»