ደሪቶው

አሮጊቷ የልጅ ልጇን እንዳዘለች ከቁም ሳጥኑ የምራቷን አሮጌ ቀሚስ አወጣች። ቆራርጣና ገጣጥማ ለሕፃኑ ደሪቶ ልትሰፋለት ነው። ገና መቀሱን ስታነሳ ምራቷ ሮጣ መጥታ ቀሚሱን ከእጇ ነጠቀችና በረኪና የተጨመረበት የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረችው።

ትናንትም አሮጊቷ ለደሪቶው ያነሳችውን ሻርፕ እንዲሁ አድርጋው ነበር። አሮጊቷ ከገጠር ከመጣች ወዲህ ብርጭቆው ተለይቷል፤ ሳህኑም ተለይቷል። ለልጇ ትዳር ስትል ሁሉንም ችላ ነበር። ዛሬ ግን አልቻለችም።

«ረድኤት! ባልሽን ያሳደግኩት በዚሁ እጄ ነው። ምን ሆኜ ነው የነካሁትን ሁሉ የምትቀቅዪው? ከተጸየፍሽኝ ንገሪኝና ነገውኑ አገሬ ልግባ!»

ምራቷ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች ጠየቀች።

«እማዬ፣ እርስዎ የሰፉትን መልሼ አጥቤ አውቃለሁ?»

አሮጊቷ አሰበች። አንድም ቀን አላጠበችም።

«የማጥበው የራሴን ልብስ ነው፤ እርስዎና ልጁ ሳትነኩት በፊት። ብርጭቆውንም የለየሁት የእኔን ነው። ልጁን ከእርስዎ ጋር የማስተኛውስ ለምን መሰለዎት?»

ሳል ሲመጣባት አፏን በነጠላዋ አፍና ወደ በሩ ሸሸች። አሮጊቷ ልትከተላት ስትል በእጇ ከለከለቻት። ሳሉ እስኪያልፍላት ብዙ ቆየ።

«ሐኪሞቹ ሳንባዬን ነው አሉኝ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ። «ደሪቶውን ሰፋ አድርገው ይስፉለት፣ እማዬ። ሲያድግም እንዲበቃው።»