የሳሳው ከመነዳሪ

«አንቺ ስትቆሚ ጎሉ ይጠባል» ይላት ነበር የስፖርት አስተማሪዋ። ራሔል ያኔ የስምንተኛ ክፍል የሴቶች እጅ ኳስ በረኛ ነበረች። በዚያው ዓመት አንድ ጨዋታ ላይ በቀኝ ትከሻዋ ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱንም ኳሱንም ተወች። ኋላ በረኛ አገባች።

ባሏ ሚኪያስ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአንድ የፋብሪካ እግር ኳስ ቡድን ይጫወታል። ቀኝ ትከሻው ሁለት ጊዜ ወልቆ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሲመለስ አንድ የሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ። በቀን ሦስት ጊዜ ላስቲክ መሳብ፣ እስከ ስድስት ወር።

ራሔል የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጣ የበሩ እጀታ ላይ አሰረች። ወረቀቱን የምታነበው እሷ ናት። ሥዕሉ ግራ ስለሚያጋባው በየቀኑ ሦስቴ ቆማ በቀኝ እጇ ስባ ታሳየዋለች። ሚኪያስ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያያል።

«ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል። «ብርዱ ጋብ ሲል እሠራዋለሁ።»

ልጃቸው ገና ሁለት ወሩ ነበር። ገበያ ሲኬድ ጎረቤታቸው እትዬ ትርንጎ መጥተው ያዝሉላታል።

«የዛሬ እናቶች!» ይላሉ ማዘያውን እየቋጠሩ። «መውለዱን እናንተ፣ ማዘሉን እኛ!»

ራሔል ፈገግ ብላ ያጠበችውን ልብስ አጭሩ አጥር ላይ ታሰጣለች።

አሰልጣኝ ዘውዴ በየቅዳሜው ብቅ ይላል። ስድስት ወሩ ሲሞላ ቡድኑ ከእነዋሪ ከተማ ቡድን ጋር ሊጋጠም ነው። ሚኪያስ እስከዚያ ካልዳነ ቦታው ለሌላ በረኛ ይሰጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ እየሠራህ ነው ወይስ እየተኛህ?»

«እመብርሃንን፣ እየሠራሁ ነው!»

ዘውዴ ወደ ራሔል ዞረ። «አንቺስ? እየሸፋፈንሽለት እንዳይሆን።»

ዘውዴ በሩ ጋ ሄዶ ከመነዳሪውን ዳሰሰው። መሃሉ ሳስቷል፤ መጨበጫው በላብ ጠቁሯል። ፊቱ ተፈታ።

«ይሄ አይዋሽም» አለ። «አይዞህ፣ ልፋትህ ይታያል።»

ሚኪያስም ከመነዳሪውን አየው።

በአራተኛው ወር ከመነዳሪው ተበጠሰ። ራሔል ሌላ አሰረች። በዚያ ሰሞን የምታሰጣው ልብስ ከአጭሩ አጥር ከራስ በላይ ወደተወጠረው ሽቦ ወጣ።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ዘውዴ ሚኪያስን ጎል ውስጥ አቁሞ ከፍ ያለ ኳስ መታበት። ክንዱ ጆሮው ጋ ሳይደርስ ቀረ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ለሦስተኛው እጁን አላነሳም።

«በቃ» አለ ዘውዴ። ጓንቱን ተቀብሎ ለሌላው ልጅ ሰጠው።

ሚኪያስ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

«ሐኪሙ ነው ያበላሸኝ» አለ።

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። እትዬ ትርንጎ ማዘያ ይዘው ከደጅ ቆሙ።

«አምጪው እንጂ፣ ልዘልልሽ።»

ራሔል ማዘያውን ከእጃቸው ወሰደች፤ ጎንበስ ብላ፣ ልጁ ከተወለደ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቀኝ ትከሻዋ አሻግራ አዘለችው።