ለመንገድ የሚሆን ጽሕፈት

«ጋሼ! ይመጣሉ ብዬ መች አሰብኩ!» ኸይራት ከአግዳሚው ብድግ አለች። በአንድ እጇ የወረቀት ጥቅል ይዛለች፣ በሌላው ሻሿን አስተካከለች። «ብቻዬን ስለሆንኩ እኮ ፈርቼ ነበር።»

አካለ ወልድ እንድትቀመጥ ምልክት ሰጣትና ከጎኗ ተቀመጠ። ቢቸና ዳር፣ ወደ ሞጣ የሚሄደውን መንገድ የሚሠራው ድርጅት ቢሮ ደጃፍ ላይ ናቸው። ቆርቆሮ ቤቱን የሚያዝያ ፀሐይ አግሎታል። ለምን እንደመጣ አልጠየቀችውም። እሱም አልነገራትም።

ሞጣ ላይ የጽሕፈትና የንድፍ ሙያ የሚያስተምራት እሱ ነው። ድርጅቱ አንድ የመንገድ ሰሌዳ ጸሐፊ እንደሚፈልግ የሚገልጸውን ማስታወቂያ ገልብጦ ወደ ክፍል ያመጣውም እሱ ነበር። ወር ሙሉ ስለዚሁ ሲያስተምር ከረመ። ማመልከቻ አጻጻፉን፣ አገባቡን፣ አቀማመጡን። እንደ አሠሪ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ያስገባቸው ነበር። ኸይራት መጀመሪያ ሰሞን አፏን በሻሿ ሸፍና ነበር የምትመልሰው። «የምትችይውን ስትናገሪ ምን ያሳፍርሻል?» ሲላት ሲላት ድምፅዋ ወጣ። ከአሥራ አንዱ ተማሪዎች ለፈተና የተጠራችው እሷ ብቻ ናት።

በመሀሉ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ክፍሉ ሰኔ ላይ ይዘጋል፣ መምህሩም ይሰናበታል። ለተማሪዎቹ አልነገራቸውም። በማግስቱ ለዚሁ ሥራ የራሱን ማመልከቻ ጽፎ ላከ።

«አባቴ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት?» አለች። «ይህ ካልሆነልሽ ትምህርቱ በቃሽ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ሱቅ ነው አለኝ። ዕድሜዬን ጨርቅ ስለካ ልኖር ነው።» ሳቀች። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየላትም።

ከዚያ ጥቅሉን ፈታችው። ሁለት ወረቀት ነበር። «ናሙና አንድ ብቻ ነው የምንቀበለው ብለዋል። ይምረጡልኝ።»

አንደኛው እሱ ያስተማራት ዓይነት ነው። ፊደሎቹ ጥላ ተጥሎባቸዋል፣ ጫፋቸውም እንደ ሐረግ ተጠማዟል። ሻይ ቤት በር ላይ ቢሰቀል ያምራል። ሁለተኛው የራሷ ነው፤ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ድልድይ» ይላል። ፊደሎቹ ወፍራም ናቸው፣ ጌጥ የላቸውም፣ በመካከላቸውም ሰፊ ቦታ ተትቷል። አካለ ወልድ ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያዘው። የጭነት መኪና ሾፌር በአቧራ መሀል፣ ከሩቅ፣ አንዴ አይቶት ያነበዋል። አሥራ አራት ዓመት ብሩሽ ሲይዝ እንዲህ ያለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

«እሱ እንኳ ዝም ብዬ የሞከርኩት ነው» አለች። «የቱን ልስጣቸው?»

ቤቱ ትዝ አለው። ሚስቱ ይርጋነሽ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች።

«ያስተማርኩሽን ስጫቸው» አላት።

«እውነትዎን ነው?»

«ይኼኛው ባዶ ነው። ምንም አልለፋችበትም ይሉሻል።»

«እሺ ጋሼ።» የራሷን ሥራ ለአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው በሩ ተከፈተና የቢሮው ጸሐፊ ስሟን ጠራ።

ብዙም አልቆየች። ስትወጣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ፈታኙ መሐንዲስ ሳቀብኝ። ለመጠጥ ቤት ያምራል፣ ሾፌር ግን ይህን አንብቦ እስኪጨርስ ገደል ይገባል አለኝ። ሌላ ናሙናም አለኝ ስለው፣ አንድ ብቻ ነው የተባለው አለ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«አካለ ወልድ ኃይለ ጊዮርጊስ!» ጸሐፊው ከደጃፉ ተጣራ። «ቀጣይ ተፈታኝ፣ አካለ ወልድ!»

ኸይራት እንባዋን ጠርጋ እሷው መለሰችለት። «ተሳስተው ነው። እሳቸው መምህሬ ናቸው፣ ለእኔ ብለው ነው የመጡት።»

ጸሐፊው የያዘውን ዝርዝር አየ። «ማመልከቻቸው እኛ ዘንድ ነው እኮ።»

ቀስ ብላ ወደ አካለ ወልድ ዞረች። እሱ ግን ተነሥቶ፣ ዓይኗን ሳያይ ገባ።

ያመጣውን ናሙና ከኮቱ ኪስ አላወጣም። «እዚሁ ፊታችሁ ልጻፍ» ብሎ ብሩሽ ተቀበለ። ወፍራም አድርጎ፣ ያለ ጌጥ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ሰፊ ቦታ እየተወ ጻፈ። መሐንዲሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለከተው።

«ለመንገድ የሚሆን እንዲህ ነው» አለ። «ሰኞ ይጀምሩ።»

ሲወጣ አግዳሚው ላይ ማንም የለም። እየሮጠ ወደ ገበያው ወረደ። የሞጣው የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቷል። ኸይራት ከኋላ፣ የጨው ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጣለች።

«ኸይራት! ስሚኝ እንጂ! ክፍላችን ሰኔ ላይ ሊዘጋ ነው። እኔንም አሰናብተውኛል።»

«ሊዘጋ?» ጎንበስ ብላ አየችው። «ሌሎቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ።» ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «ሥራውን ሰጡዎት?»

«ሰጡኝ።»

«በየትኛው ጽሕፈት ነው የጻፉላቸው?»

አካለ ወልድ ቀለም የነካውን እጁን ከኋላው ደበቀ። መኪናው ተንገጫገጨና ተነሣ። ከኸይራት ጎን የተቀመጡ አሮጊት የእንቁላል ቅርጫታቸው ሊያመልጣቸው ሲል «አንቺ ልጅ፣ ያዥልኝ!» አሉ። ኸይራት ፊቷን ከእሱ መልሳ ቅርጫቱን ተቀበለቻቸው፤ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ አቀፈችው።