ቪትዝ የዋጠችው ሳይክል

የእኔ ቪትዝ ቤንዚን አሽትታ ብቻ ናዝሬት ትደርሳለች። እሁድ ጠዋት ሳይክሌን ልከትባት ስል ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ይወጣል።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ጎማውን ይፍቱት!"

"ኧረ መኪናዋን ሳይክሉ ላይ ይጫኗት!" ትላለች ጎረቤቴ አመለወርቅ፤ ግቢው በሳቅ ይፈርሳል።

ግማሽ ሰዓት ተጋፍተን እናስገባዋለን። "ዛሬስ ስንት ኪሎ ሜትር?" ሲሉኝ "መቶ ብቻ!" እላለሁ። ከዚያ ሰፈሩን ዞሬ፣ አንድ ዛፍ ሥር አቁሜ፣ እስከ ስምንት ሰዓት መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። ስመለስ ሊያወርዱልኝ እንደገና ይወጣሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሬን የሚያንኳኳ የለም።

ባለፈው እሁድ ጎረቤቶቼ የቪትዟ ጣሪያ ላይ የሳይክል መስቀያ አስገጥመው ጠበቁኝ።

"ከእንግዲህ ማንንም መጠበቅ ቀረልዎ፤ ብቻዎን በሁለት ደቂቃ ነው!" አለች አመለወርቅ። ሁሉም አጨበጨቡ።

ሳይክል መንዳት እንደማልችል ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ።