መሐል ላይ፣ ናኦድ

«ይህን በዓይኔ በብረቱ ካላየሁ ምላሴ ይቆረጥ! አንዲት ቃል ከጨመርኩ ከዚህ ወንበር አልነሳ!» አለ መልከጼዴቅ፣ ከወንበሩ እየተነሳ።

የሚምልላት ሀሌታ ናት፤ ልጁ ናኦድ ከዴንቨር ይዟት የመጣው እጮኛው። ናኦድ ቬጋስ፣ ሎን ማውንቴን ሰፈር ያለውን ይህን የአባቱን ቤት ከረገጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁንም ምሳው ገና ከጠረጴዛ ሳይነሳ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። መሐል ከተማ፣ አርትስ ዲስትሪክት የሚጠብቋቸው ጓደኞች አሉ፤ ማታ ሆቴል፣ ጠዋት አውሮፕላን። መልከጼዴቅ ደግሞ ጨዋታው ካላለቀ እንግዳ ለመነሳት እንደሚያፍር ያውቃል።

«ሆኪ ማለት፣ የኔ ልጅ፣ የኛው የገና ጨዋታ ነው። በረዶ ላይ ሲሆን ዱላው ተወደደ እንጂ ሌላ ምንም የለውም። እኔ በልጅነቴ ስመታ ሩሯ ከቀበሌ ቀበሌ ትሻገር ነበር። ታዲያ ይሄ ልጅ ከማን ወረሰው?»

«ከእርስዎ ነዋ፣ ጋሼ» አለች ሀሌታ፣ ሳቋን እየዋጠች።

«ተባረኪ! በይ የኮሌጁን ቡድን አሰላለፍ ስሚ። በረኛ ብሬት፤ ካናዳዊ ነው፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። ተከላካዮች ኮዲና ሜሰን። ሜሰን አንዱን በትከሻው ቢገፋው መስታወቱን አሳልፎ ፋንዲሻ ሻጯ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠው። በግራ ክንፍ ጄሲ፣ በቀኝ ትሬቨር። መሐል ላይ...» እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። «መሐል ላይ ናኦድ! ናኦድ ኳሷን ሲይዝ ግማሽ ቬጋስ ብድግ! ቁማርተኛው እንኳ ካርዱን ጥሎ ይመጣ ነበር።»

«አባዬ፣ ትራፊክ ይይዘናል» አለ ናኦድ።

«ትራፊኩ የት ይሄድብሃል? ቁጭ በል! የሚቀጥለው ዓመት አሰላለፍ መቼ ተነገረ?»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያ ሁሉ ጨዋታ ሰዓት መልከጼዴቅ ካዚኖ ደጃፍ የሰው መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። ሺፍቱ የማታ ነው፤ የጨዋታ አዳራሹን በር እንኳ አያውቀውም። ናኦድ ግን ከጨዋታ በኋላ እየደወለ ይነግረው ነበር፦ ማን ከማን ጋር እንደተሰለፈ፣ ማን እንዳቀበለ፣ ማን እንዳገባ። ልጅ ያየውን አባት አየ ቢባል ምን ነውር አለው?

አሁን ናኦድ የሚደውለው ለበዓል ብቻ ነው። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ አለቀ። መልከጼዴቅ ብቻውን መኪና ሲነዳ ስሞቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራቸዋል፤ ብሬት፣ ኮዲ፣ ሜሰን፣ አንዱ እንዳይጠፋበት።

«በሚቀጥለው ዓመት ብሬት ተመረቀ፤ በረኛ ዲላን ሆነ፣ ቀጭን፣ ግን ድመት ነው! ጄሲ ጉልበቱን ተጎዳ። መሐሉን ግን ማን ሊነካ? የፍጻሜው ዕለት ናኦድ ሦስቱን አለፈ፣ ለአራተኛው በእግሮቹ መሐል ሰደደለት፣ ዳኛው ራሱ ፊሽካውን ረስቶ አጨበጨበ!»

ሀሌታ ወደ ናኦድ ዞረች። «ይህን ሁሉ ለምን ደበቅከኝ?»

ናኦድ ጣት ላይ የሚዞረው ቁልፍ ቆመ። «ኤሲውን ላብራው፣ መኪናው እሳት ሆኗል» ብሎ ወጣ። እሷም «መጣን፣ ጋሼ» ብላ ተከተለችው።

«የሦስተኛው ዓመት ቀርቷል እኮ!» አለ መልከጼዴቅ ወደ በሩ።

ሳህን የምትሰበስበው ራሄል ናት፣ የናኦድ ታናሽ። እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ፣ እዚያው ናኦድ የተማረበት ኮሌጅ ተምራ፣ የወንድሟ ቡድን ሲጫወት አንድ ቀን ያልቀረች። ሳህኖቹን መልሳ አስቀመጠችና ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ በቃ። ናኦድ አልተጫወተም። ሁልጊዜ ቤንች ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ እዚያ ነበርኩ።»

«ምን ትላለች ይቺ! ያ ሁሉ ጎልስ? ራሱ በስልክ...»

«ሲደውልልህ መኪና ውስጥ አጠገቡ ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ ቤንች ነበርኩ ሲልህ፣ በርታ ብለህ ስልኩን ትዘጋ ነበር። ጎል አገባሁ ሲልህ ግን አትዘጋም ነበር።»